ባቡሩ ለምን ዘገየ? በባቡር ሲሙሌሽን ጌሞች ውስጥ ያልታሰበ መዘግየት ምን ያህል እውነት እንደሆነ

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ የኮምቦልቻን ቆርቆሮ ሲደበድብ ባመሸበት ቀን፣ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። ኦፕን ቲቲዲ በሚባለው፣ ማንም ሰው በነፃ አውርዶ በሚጫወተው የትራንስፖርት ጌም ውስጥ የራሱን የባቡር መስመር ዘርግቶ ነበር፤ ከአዋሽ ተነስቶ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በከሚሴ አድርጎ ኮምቦልቻ የሚገባ፣ ከዚያም በሐይቅና በመርሳ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚዘልቅ። ከከሚሴ የወጣው ባቡር ጥቂት እንደተጓዘ ጭስ ተፋና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከኋላው ይመጣ የነበረው ቆመ፤ ከኮምቦልቻ ሊወርድ የተዘጋጀውም መስመሩ ስላልተለቀቀለት ባለበት ቀረ። «ጋሼ፣ ይኸ እኮ ዝም ብሎ ነው የሚቆመው! የእውነት ባቡር እንዲህ ይሆናል?» አለኝ፤ መልሴንም ሳይጠብቅ ብልሽት የሚባለውን ነገር ከጌሙ ጨርሶ ሊያጠፋው እጁን ሰደደ።

እኔ ለብዙ ዓመታት በጭነት መኪና ስምሪት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ መዘግየትን ከነምክንያቱ መመዝገብ የዕለት ሥራዬ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው እንደ ልጅ ጥያቄ አልፌው የምሄደው አልሆነልኝም፤ እጁን ያዝ አድርጌ «ቆይ፣ እንየው» አልኩት። ከዚያ ምሽት ጀምሮ ያነበብኩትንና ያሰላሁትን ነው እዚህ የማብራራው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በእኛ አካባቢ ይህ ነገር ከጨዋታ በላይ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ሐራ ገበያ የሚደርሰው፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋው የእውነት ሐዲድ በቱርኩ ተቋራጭ በያፒ መርኬዚ ከ2015 ጀምሮ ተሠርቷል፤ በ2021 ግን ጦርነቱ በደረሰበት ሁሉ ጉዳት ደርሶበታል፤ መደበኛ የመንገደኛ አገልግሎትም አልጀመረም። ድልድዩንና ዋሻውን እያየ ያደገ የወሎ ልጅ ባቡር ሲሄድ የሚያየው እንግዲህ በስክሪን ላይ ነው። ባቡር እንዴት እንደሚሠራ የሚማረውም ከዚያው ስለሆነ፣ ጌሙ የሚነግረው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑ ያሳስበኛል።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ «የማይገመት» የሚለውን ቃል መፈተሽ ያስፈልጋል፤ ቃሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ደርቦ ይይዛልና። አንደኛው ምክንያት የሌለው ማለት ነው። ሁለተኛው ምክንያቱ የታወቀ ሆኖ ቀኑና ሰዓቱ የማይታወቅ ማለት ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ማንኛውም ሹፌር በክረምት ሐረጎ ላይ ጉም እንደሚወርድ ያውቃል፤ ጉሙ ሲወርድ መብራት አብርቶ በቀስታ መውረድ እንዳለበትም፣ ያ ደግሞ ሰዓቱን እንደሚበላበት ያውቃል። የማያውቀው ጉሙ ማክሰኞ ይሁን ሐሙስ የሚወርድበትን ነው። ስለዚህ መዘግየቱ ለዚያ ሹፌር የማይገመት ቢሆንም እንግዳ አይደለም። በባቡርም ዓለም ያለው መዘግየት በአብዛኛው የዚህ የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ባቡሩን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያዛውረው የሐዲድ መቀየሪያ አንድ ቀን እንደሚበላሽ ይታወቃል፣ ቀኑ ግን አይታወቅም። አንድ ጌም ለእውነት መቅረብ አለመቅረቡ የሚለየው እንግዲህ ዕጣ ያወጣል ወይስ አያወጣም በሚለው ሳይሆን፣ ዕጣውን ከየትኛው ሣጥን ያወጣል በሚለው ነው።

የእህቴ ልጅ «ዝም ብሎ ነው የሚቆመው» ቢልም ኦፕን ቲቲዲ በእርግጥ ዝም ብሎ አያቆምም። በዚህ ጌም እያንዳንዱ የባቡር ራስ የአስተማማኝነት መጠን በመቶኛ አለው። ዲፖ ወደሚባለው የጥገና ቤት ገብቶ ሰርቪስ ከተደረገ በኋላ መጠኑ ለዚያ ሞዴል ወደሚፈቀደው ጣሪያ ይመለሳል፤ ሳይገባ በቆየ ቁጥር ይወርዳል፤ በወረደ ቁጥርም የመበላሸቱ ዕድል ይጨምራል። ባቡሩ ያረጀ እንደሆነም መጠኑ ይበልጥ ፈጥኖ ይወርዳል። ወደ ዲፖ ገባን፤ ያ ከከሚሴ የወጣው ባቡር ለመጨረሻ ጊዜ ሰርቪስ የተደረገው መቼ እንደሆነ አየን፤ መስመሩ ረጅም ሆኖ ዲፖው ያለው አዋሽ ብቻ ስለነበር ለረጅም ጊዜ አልገባም። የልጁ ፊት ወዲያው ተለወጠ፤ ኮምቦልቻ ላይ ዲፖ ሊሠራ ተነሳ። ዕጣ መስሎት የነበረው ነገር የጥገና ጉድለት ሆኖ ሲገኝ በአጠገቡ ተቀምጬ ማየቴ ደስ አሰኝቶኛል።

ይሁን እንጂ የጌሙ ድክመትም እዚያው ላይ ይታያል። የተበላሸው ባቡር ጥቂት ጊዜ ቆሞ በራሱ ተነስቶ ይሄዳል። ብልሽቱ ብሬክ ይሁን ሞተር፣ ወይስ ከላይ የተዘረጋው የኤሌክትሪክ ሽቦ አይለይም፤ ጎታች ባቡር መላክ የለም፤ ቀስ ብሎ እስከ ጣቢያው መድረስ የለም። በእውነቱ ዓለም ደግሞ መዘግየትን መዘግየት የሚያሰኘው በአብዛኛው ይህ ነው፦ ምን እንደሆነ እስኪታወቅ፣ ሰው እስኪደርስ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ የሚያልፈው ጊዜ።

ሌሎቹ ጌሞች መንገዳቸው ይለያያል። ታይቶ በተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1996 የወጣው ዴንሻ ዴ ጎ መዘግየትን ሙሉ በሙሉ የነጂው ጥፋት ያደርገዋል፤ ተጫዋቹ በሰከንድ እየተለካ ነጥብ ያጣል እንጂ ከፊቱ ያለው መስመር አይበላሽም። የባቡር ነጂውን ወንበር የሚሰጡት የኋላ ዘመን ሲሙሌተሮች በአብዛኛው መዘግየትን በትዕይንት መልክ ያስቀምጡታል፤ የትዕይንቱ ጸሐፊ እዚህ ቦታ ላይ ቀይ መብራት ይበራ ብሎ ከጻፈ ይበራል፤ ሁለተኛ ሲጫወቱትም እዚያው ቦታ ላይ ይበራል። ይህ መዘግየት ምክንያት አለው፤ የሌለው ያልታሰበ መሆን ነው። የእንግሊዝ አገርን የሲግናል ክፍሎች ሥራ የሚያስመስለው ሲምሲግ ደግሞ የመቀየሪያና ባቡር ሐዲዱ ላይ መኖሩን የሚለዩ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ብልሽት እንዲከሰት፣ ባቡሮችም ዘግይተው እንዲገቡ ማድረግ ይችላል፤ ተጫዋቹ ነጂ ሳይሆን ተቆጣጣሪ ስለሆነም ችግሩን ከላይ ሆኖ ያያል። በፖላንድ የተሠራው ሲምሬል ከሁሉም የተለየውን መንገድ መርጧል፤ አንዱ ተጫዋች ባቡር ይነዳል፣ ሌላው ጣቢያ ላይ ሆኖ መስመር ይሰጣል፤ ስለዚህ መዘግየቱ የሚመጣው ከኮምፒውተር ዕጣ ሳይሆን ከሰው ስህተት፣ ከሰው መዘናጋትና ከሰው ውሳኔ ነው። በእኔ ግምት እስካሁን ለእውነቱ በጣም የቀረበው ይህ ነው፤ ምክንያቱም በእውነቱ ሐዲድ ላይ ካለው የማይገመት ነገር ሁሉ የማይገመተው ሰው ነው።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ነጥብ መነሳት አለበት። መዘግየት የሚባለው ነገር የሚኖረው ቀጠሮ ሲኖር ብቻ ነው። ደሴ መናኸሪያ የቆመ ቅጥቅጥ ሲሞላ ይነሳል፤ ሁለት ሰዓት ቢያቆየንም ዘገየ አንለውም፤ አልሞላም ነው የምንለው። ባቡር ግን ባዶውንም ቢሆን በሰዓቱ ይወጣል፤ በሰዓቱ ባይወጣ ያ ደቂቃ ተመዝግቦ ይጠየቅበታል። የጊዜ ሰሌዳ የሌለው ጌም፣ ለምሳሌ በ2019 የወጣው ትራንስፖርት ፊቨር 2፣ ባቡሮቹን መስመር ይዘው እንዲመላለሱ ያደርጋል እንጂ ይህ ባቡር በዚህ ሰዓት እዚህ መድረስ ነበረበት አይልም፤ ስለዚህ ባቡር ከባቡር ኋላ ተጠጋግቶ ሲሄድ እናያለን እንጂ መዘግየትን በትክክል ልንለካው አንችልም። በዚህ ሚዛን ሲታይ ብዙ ጌም ስለ መዘግየት እውነተኛነት ከመከራከሩ በፊት የጊዜ ሰሌዳ ሊሰጠን ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የባቡር ሰዎች መዘግየትን በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው አንድ ነገር ተበላሽቶ፣ አንድ ሰው ታሞ፣ አንድ ከብት ሐዲድ ላይ ገብቶ የሚፈጠረው ነው፤ ይህን መነሻ መዘግየት እንበለው። ሁለተኛው ያ ባቡር ስለዘገየ ሌላው ባቡር የሚዘገየው ነው፤ ይህን ተዛማች መዘግየት እንበለው። ጌም ሠሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚደክሙት በመነሻው ላይ ነው፤ የጭሱን ሥዕል ያሳምራሉ፣ የብልሽቱን ዓይነት ያበዛሉ። እውነቱ የሚገለጠው ግን በተዛማቹ ላይ ነው። በተለይ እንደ እኛው መስመር ሐዲዱ አንድ ብቻ ሆኖ፣ ባቡሮች የሚተላለፉት በየጣቢያው ባለ ሁለተኛ ሐዲድ ላይ ብቻ ሲሆን።

ይህን ለማሳየት ከእህቴ ልጅ ጋር በደብተር ላይ ያሰላነውን ልድገመው፤ ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲመቹ የመረጥናቸው እንጂ የእውነተኛው መስመር ሰሌዳ አይደሉም። ከከሚሴ ኮምቦልቻ 30 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። የመጀመሪያው ባቡር ከጠዋቱ 2፡00 ከከሚሴ ወጥቶ 2፡30 ኮምቦልቻ ይገባል። ኮምቦልቻ የሚጠብቀው ሁለተኛ ባቡር 2፡32 ተነስቶ 3፡02 ከሚሴ ይደርሳል፤ ሦስተኛው ከከሚሴ 3፡04 ይነሳል፤ እንዲህ እያለ ቀኑን ሙሉ ይቀጥላል። መስመሩ ተለቅቆ የሚቀጥለው ባቡር እስኪነሳ ቢያንስ 1 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ሰሌዳው 2 ደቂቃ ስለሰጠ በየመተላለፊያው 1 ደቂቃ ትርፍ አለ ማለት ነው።

አሁን የመጀመሪያው ባቡር 12 ደቂቃ ይዘግይ። 2፡42 ኮምቦልቻ ይገባል። ሁለተኛው 2፡43 ይነሳል፤ ይህ ምንም ጥፋት የሌለበት ባቡር 11 ደቂቃ ዘገየ። ሦስተኛው 10፣ አራተኛው 9። በዚህ አኳኋን መዘግየቱ አንዳንድ ደቂቃ እየተሸረፈ እስኪያልቅ ድረስ አሥራ ሁለት ተከታይ ባቡሮች ማለፍ አለባቸው፤ ባቡር በ32 ደቂቃ ልዩነት ስለሚነሳ ይህ ከስድስት ሰዓት በላይ ነው። በጠዋት የተፈጠረች 12 ደቂቃ ከምሳ ሰዓት በኋላም ሰው ታስጠብቃለች። የተከታዮቹን መዘግየት ብንደምረው 66 ደቂቃ ይሆናል፤ ከመነሻው አምስት እጥፍ ተኩል።

ልጁ ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገመው፤ አላመነም ነበር። ከዚያም «እና የእውነት ባቡሮች እንዴት ይሄዳሉ?» አለ። መልሱ ሰሌዳው ውስጥ በተደበቀ ትርፍ ጊዜ ነው። የባቡር መሥሪያ ቤቶች ባቡር በሙሉ ኃይሉ ቢሄድ የሚፈጅበትን ጊዜ አስልተው እንዲሁ አያትሙትም፤ በተለምዶ ከ3 እስከ 7 በመቶ ይጨምሩበታል። ሰሌዳው ላይ ያለው 30 ደቂቃ በእርግጥ 28 ተኩል ቢሆን፣ የዘገየው ባቡር በጉዞው 1 ደቂቃ ተኩል፣ በመተላለፊያው ደግሞ 1 ደቂቃ ይመልሳል። ያው 12 ደቂቃ እንግዲህ ወደ 9 ተኩል፣ ወደ 7፣ ወደ 4 ተኩል፣ ወደ 2 እየወረደ አምስተኛው ተከታይ ባቡር በሰዓቱ ይገባል። ስድስት ሰዓት ተኩል ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነገር ወደ ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ወረደ፤ 66 ደቂቃ የነበረው ድምርም 23 ሆነ። ያችን አንድ ተኩል ደቂቃ ለመግዛት የተከፈለው ዋጋ በደህናው ቀን ባቡሩ ከሚችለው በታች ቀስ ብሎ መሄዱ ነው።

ለዚህ ነው ብልሽትን ብቻ ጨምሮ ትርፍ ጊዜን የማያውቅ ጌም ለእውነት ቀረበ የማይባለው። እንዲህ ያለው ጌም መዘግየትን ከእውነቱ ይልቅ ያከፋዋል፤ ተጫዋቹም ተማርሮ ያጠፋዋል፤ ሲያጠፋው ደግሞ የባቡር ሥራ ትልቁ ጥበብ ከፊቱ ይሰወራል። መተላለፊያ የት ይሠራ፣ ትርፉ ደቂቃ የት ይቀመጥ፣ በጉዞው መካከል ይበተን ወይስ መጨረሻው ጣቢያ ላይ ይከማች የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚነሱት ነገር ሲበላሽ ነው። እኔ ጨዋታ ይከብዳል ብለው ብልሽትን የሚያጠፉትን አልወቅስም፤ ጌም ሠሪዎቹ ግን መከራውን ሰጥተው መከላከያውን ሊከለክሏቸው አይገባም ነበር።

ስንት ደቂቃ ሲሆን ነው ዘገየ የሚባለው? አገር ከአገር ይለያያል። በስዊዘርላንድ ከ3 ደቂቃ በታች የዘገየ ባቡር በሰዓቱ እንደደረሰ ይቆጠራል፤ በጀርመን ከ6 ደቂቃ በታች የሆነ ሁሉ በሰዓቱ ነው። በጃፓን በኅዳር 2017 አንድ የባቡር ኩባንያ ባቡሩ 20 ሰከንድ ቀድሞ ስለወጣ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

አሁን ወደ ዕጣው ሣጥን እንመለስ፤ ብዙ ጌም የሚስተው እዚህ ላይ ነውና። አንድ ባቡር አሥር ቀን በተከታታይ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢዘገይና በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለት ሰዓት ሙሉ ቢቆም፣ አማካይ መዘግየቱ ወደ 13 ደቂቃ ይመጣል። ከአሥራ አንዱ ቀን ግን 13 ደቂቃ የዘገየበት አንድም ቀን የለም። ጌሙ በየቀኑ ከ0 እስከ 25 ደቂቃ ካሉት ቁጥሮች አንዱን በእኩል ዕድል ዕጣ ቢያወጣ አማካዩ ያንኑ ያህል ይሆናል፤ በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በሐዲዱ ላይ ግን አይገናኙም። በእውነቱ ዓለም ትንንሹ መዘግየት እንደ አሸዋ ብዙ ነው፤ ትልቁ ጥቂት ነው፤ በጣም ትልቁ በዓመት አንድ ሁለቴ መጥቶ ሁሉን የሚያናጋ ነው። ትንንሹን ሰሌዳው ይውጠዋል፣ ትልቁን ግን ሰው ተሰብስቦ ውሳኔ ይሰጥበታል። በእኩል ዕድል የሚወጣ ዕጣ ከሁለቱ አንዱንም አይሰጥም፤ ለመዋጥ የሚበዛ፣ ለመምከር የሚያንስ መካከለኛ መከራ ብቻ ይሰጣል። በስምሪት መዝገቤ ላይ የማስታውሰው መልክ ይህ አይደለም። እኔ የማስታውሰው ለሳምንታት ምንም ያልተጻፈበት ገጽ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት የወረደ ናዳ ሙሉ ገጽ ሲይዝ ነው።

ሌላው ጉድለት የትዝታ ማጣት ነው። ብዙ ጌም ለእያንዳንዱ ባቡር ለየብቻ ዕጣ ያወጣል፤ ትናንት የሆነው ዛሬን አይነካም፣ በአንዱ ላይ የሆነው ሌላውን አይመለከትም። ጉም ግን ሐረጎ ላይ ሲወርድ ቅጥቅጡንም ኤፍኤስሩንም አምቡላንሱንም እኩል ይይዛል። ጎርፍ የሸረሸረው የሐዲድ መሠረት ተጠግኖ ሲያልቅም የፍጥነት ገደብ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቀመጥበታል፤ ባቡሮች ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ቀስ ይላሉ። አንዴ የተበላሸ መቀየሪያም በደንብ እስኪጠገን ደጋግሞ መበላሸቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ የእውነት መዘግየት ወቅት አለው፣ ቦታ አለው፣ ዘመድ አለው፤ ክረምት ሲገባ ይበዛል፣ በአንድ ቁልቁለት ላይ ይደጋገማል፣ አንዱ ሌላውን ይጠራል። ጌሙ ዝናቡን በስክሪኑ ላይ እያዘነበ የብልሽቱን ዕድል እንደ በጋው ከተወው ዝናቡ ጌጥ ብቻ ነው።

በከተማ ባቡር ላይ ደግሞ መዘግየት ራሱን ይመግባል። ባቡሩ ጥቂት ሲዘገይ ጣቢያው ላይ የሚጠብቀው ሰው ይበዛል፤ ሰው ሲበዛ መውጫና መግቢያው ይረዝማል፤ ሲረዝም ይበልጥ ይዘገያል፤ ከኋላው ያለው ግን የሚሳፈር ሰው ስለማያገኝ እየፈጠነ ይደርስበታል። ሁለት ባቡር ተከታትሎ ከመጣ በኋላ ለረጅም ጊዜ የሚጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። የመንገደኛውን ብዛት ከበር መክፈቻው ጊዜ ጋር ያገናኘ ጌም ይህን ያለ ምንም ዕጣ በራሱ ያወጣዋል።

ከውጭ አገር የመጡ ጌሞች ምክንያቶቻቸውንም ከአገራቸው ይዘው ይመጣሉ። በእንግሊዝ በመከር ወቅት የረገፈ ቅጠል ሐዲዱን እያንሸራተተ ባቡር ያዘገያል፤ ይህ እዚያ እውነተኛና ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ለከሚሴ ቆላ ግን ትርጉም የለውም። የእኛን መስመር የሚያስመስል ሰው ሊያስብበት የሚገባውን ለማወቅ በ2018 መጀመሪያ የንግድ ሥራ የጀመረውን፣ ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመውን የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር ማየት ይበቃል። በዚያ መስመር ከብትና ግመል ሐዲድ ውስጥ ገብቶ መገጨት ከታወቁት ችግሮች አንዱ ነው። ይህ በጌም ውስጥ እንደ አንድ ደቂቃ መቆም ተደርጎ ቢቀመጥ ስህተት ነው፤ ከብት ለአርብቶ አደሩ ሀብቱ ነውና ነገሩ ካሣን፣ ሽማግሌንና የአካባቢውን አስተዳደር ይጠራል። በተጨማሪም የቀድሞው የምድር ባቡር የራሱን ኃይል ተሸክሞ ይሄድ ነበር፤ አዲሶቹ መስመሮች ግን በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ስለሆኑ መብራት ሲጠፋ የሚቆመው አንድ ባቡር ሳይሆን ያ የመስመር ክፍል በሙሉ ነው። ለወሎ ደግሞ የክረምቱን ጎርፍና ከገደል የሚወርደውን ናዳ መጨመር ግድ ይላል። እነዚህን የሚይዝ የጌም ማሻሻያ ከራሳችን ልጆች አንዱ ቢሠራ ባየሁ እንዴት ደስ ባለኝ! ኦፕን ቲቲዲን የመሰለው ጌም ምንጩ ክፍት ስለሆነ የሚከለክል የለም።

የመጨረሻው ጥያቄ ተጫዋቹ ምን ያህል ይወቅ የሚለው ነው። እውነተኛ ተቆጣጣሪ በመጀመሪያ የሚያውቀው ባቡሩ መቆሙን ብቻ ነው። ነጂው ይደውላል፤ «እያየሁት ነው» ይላል፤ አምስት ደቂቃ ይሁን አንድ ሰዓት ማንም አያውቅም። ከባዱ ነገር ሌሎቹን ባቡሮች በዚህ ባለማወቅ መካከል ማሰማራት ነው። ጌሙ ወዲያውኑ «7 ደቂቃ ይቆያል» ብሎ ከነገረን ሥራውን ሂሳብ አደረገው፤ ምንም ሳይነግረን ከተወን ደግሞ የእህቴ ልጅ እንዳለው «ዝም ብሎ» ሆነ። መካከለኛው መንገድ፣ ግምት ሰጥቶ ግምቱን ቆይቶ ማረም፣ ለእውነቱም ለተጫዋቹም ይስማማል። የሰው ዓይን ዕጣን በትክክል እንደማይዳኝም ማወቅ ይገባል፤ በእውነት ያለ አድልዎ የወጣ ዕጣ አንዳንዴ በአንድ ሰው ላይ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ይወድቃል፤ ሰውየው ግን ጌሙ አታለለኝ ይላል። ለዚህ ሲሉ ዕጣው እንዳይደጋገም ሆን ብለው የሚያለዝቡ ጌም ሠሪዎች አሉ። ጨዋታው ይጥማል፣ እውነቱ ግን ትንሽ ይጎድላል፤ ለእኔ ይህ ተቀባይነት ያለው ስምምነት ነው። ተቀባይነት የሌለው ተጫዋቹ ምንም ሊያደርግበት የማይችለው መዘግየት ነው፤ ማስጠበቅ፣ ማስቀደም፣ ከመንገድ መመለስ፣ መሰረዝ ካልተፈቀደለት ተቆጣጣሪነቱ ቀርቶ ተመልካች ሆኗል።

የእህቴ ልጅ ብልሽቱን አላጠፋውም፤ «የቀነሰ» በሚለው ላይ አስቀመጠው፤ በከሚሴና በኮምቦልቻ እኩሌታ ላይም ሐርቡን መተላለፊያ ሐዲድ ሠራላት። በሌላ ቀን ማታ ደብተሩን ይዞ መጣና አዲስ ጥያቄ አቀረበልኝ። ከከሚሴ 2፡00 መውጣት የነበረበት ባቡር 2፡25 ወጣ፤ ከኮምቦልቻ የሚወርደው 2፡32 ሰዓቱ ደርሷል። የሚወርደውን ቢያስጠብቀው 2፡56 ይነሳል፤ 24 ደቂቃ ይዘገያል፤ ከኋላው ያሉትም ይከተሉታል። በሰዓቱ ቢለቀው ግን የዘገየው ባቡር ሐርቡ ላይ 2፡40 ደርሶ እስከ 2፡48 ቆሞ ያሳልፈዋል፤ በዘገየው ላይ ሌላ 8 ደቂቃ ይጨመርበታል። «ጋሼ፣ የዘገየው ላይ ሌላ መጨመር ግፍ አይደለም?» አለኝ። እኔም በዘገየው ባቡር ውስጥ ያሉት ሰዎች ስንት እንደሆኑ ጠየቅሁት። ቆጠረ፤ ትንሽ አሰበ፤ ከዚያም የኮምቦልቻውን ለቀቀው።